ጃፓናዊቷ ፋጡማ

ጣይባ ከመጋዘኑ ማሾ ለቃሚዎች ሁሉ ቀርፋፋዋ ነበረች። ይህ ሐሜት አይደለም፤ ራሷም ብትጠየቅ አትክድም። ሌሎቹ ሰፌዱን ነቅነቅ አድርገው ጠጠሩንና የተሰበረውን ፍሬ በሁለት ጣት ሲያስወግዱ፣ እሷ እያንዳንዷን ፍሬ ገልብጣ ካላየች እጇ አይሄድም። የመጋዘኑ ምላሰኛ ሲሃም «ጣይባ ማሾውን አትለቅመውም፣ ታስተምረዋለች» ትላት ነበር። እንዲያም ሆኖ ጆንያዋ ጎድሎ የዋለበት ቀን የለም። የሚሞሉላት ሌሎቹ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ከአውራ ጎዳናው ወረድ ብሎ ባለው የሐጂ ሷሊሕ መጋዘን፣ ዐሥራ አራት ሴቶች ከጠዋት እስከ ዐሥር ሰዓት እግራቸውን ዘርግተው ማሾ ይለቅማሉ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ከረፋዱ በኋላ ሙቀቱ ከላይ ሲጫን ሰው መነጋገር እንኳ ይታክተዋል። ድሮ ሬዲዮ ነበራቸው። ሬዲዮው የተበላሸ ሰሞን ጣይባ ከዘንቢሏ አንድ የተቀዳደደ ልብ ወለድ አውጥታ ጮክ ብላ አነበበች። በማግስቱ «ቀጥይልን» አሏት፤ በዚያው ቀረ። ቆይቶ ደንብ ወጣለት። ጣይባ ታነባለች፣ ሌሎቹ ይለቅማሉ፤ የቀትሩ የዙህር አዛን ሲሰማ እያንዳንዷ ከለቀመችው አንድ ጣሳ አንስታ ጣይባ ጆንያ ውስጥ ትገለብጣለች። «የአንባቢ ጣሳ» ይሉታል። ሐጂ ሷሊሕ መጀመሪያ ቅር ብሏቸው ነበር፤ ሴቶቹ ንባቡ እንዳያመልጣቸው በጊዜ መምጣት ሲጀምሩ ግን ዝም አሉ። አንዳንዴ እንዲያውም ሚዛን የሚያዩ መስለው በሩ አጠገብ ይቆማሉ።

ጣይባ መሆን የምትፈልገው አስተማሪ ነበር። ተወልዳ ያደገችው አሊዩ አምባ ነው። ዐሥረኛ ክፍል ደርሳ ፈተናውን በጥቂት ነጥብ ወደቀች፤ በዓመቱ ለጣሪቅ ተዳረች። ጣሪቅ በባሕር ተሻግሮ ሳዑዲ ከገባ ሰባት ዓመት ሆነው። ሁለቱን ዓመት ደወለ፤ ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። ሞቷል የሚልም፣ በሕይወት አለ የሚልም ሰው አልተገኘም። ልጅ አልወለዱም። በሠላሳ አራት ዓመቷ የኔ የምትለው ነገር ቢኖር እነዚያ ዐሥራ ሦስት ሴቶች አፏን አፏን የሚያዩበት ሰዓት ነበር። ድምጿን ከፍ ዝቅ እያደረገች ስታነብ፣ አስቃ ስታስለቅስ፣ ያመለጣትን ክፍልና ጥቁር ሰሌዳ ያገኘች ይመስላታል። ይህን ማወቅ ያስፈልጋል፤ የኋላውን ጥፋት የሠራው ርኅራኄዋ ብቻ አይደለምና።

የጃፓኗን መጽሐፍ የሰጠቻት ሰርክአዲስ ናት። ሰርክአዲስ ከደብረ ማርቆስ ተመድባ የመጣች አዋላጅ ነርስ ስትሆን፣ እዚያው ጣይባ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። መጽሐፏ ወደ አማርኛ የተተረጎመች የወንጀል ልብ ወለድ ናት፤ ሽፋኗ ተገንጥሎ የለም። «ጨለማ ናት» አለቻት ሰርክአዲስ ስትሰጣት። «እኔ ስጨርሳት ተናድጄ ግድግዳ ላይ ወረወርኳት። በማግስቱ መልሼ አነሳኋት። ምን ላድርግ፣ አልዋሸችማ!»

ታሪኩ በረዶ በማያባራባት በአንዲት የዓሣ አጥማጆች ከተማ ውስጥ ነው። በአንድ የብርድ ወራት ሦስት ባለትዳር ሴቶች ይሞታሉ። አንዷን ባሕር ወሰዳት ተባለ፣ አንዷ ከደረጃ ወደቀች፣ አንዷ መድኃኒት ተሳስታ ጠጣች። የፖሊስ ጣቢያው ጸሐፊ፣ ዝምተኛ መነጽራም ሴት፣ የቆየ መዝገብ ስታገላብጥ ሦስቱም ከመሞታቸው በፊት እዚያው ጣቢያ መጥተው ባሎቻቸውን ከስሰው እንደነበር ታገኛለች። ሦስቱንም «ቤትሽ ግቢ፣ ይሻለዋል» ብለው መልሰዋቸዋል። አራተኛዋ ከሳሽ ገና በሕይወት አለች። እኅቷ ቤት ተሸሽጋለች፤ ባሏ ስጦታ እየላከ ተመለሽ ይላታል። ስሟ ፉሚኮ ነው።

«ፉሚ ምን?» አሉ እትዬ ከዲጃ በመጀመሪያው ቀን። ከለቃሚዎቹ ሁሉ በዕድሜ ትልቋ እሳቸው ናቸው። «ይሄ ምላስ ላይ አይቆምም። ፋጡማ በያትና ይገላግለን።»

ከዚያ ወዲያ ጃፓናዊቷ ፋጡማ ሆና ቀረች።

ሴቶቹ ብዙ መጽሐፍ ሰምተዋል፤ እንደዚህች ያለ ግን አልገጠማቸውም። ስለ በረዶው ሲነበብ ሲሃም «ወላሂ አንድ ጆንያ ቢልኩልን!» ብላ አሳቀቻቸው። የመጀመሪያዋ ሴት አስከሬን ከባሕር ሲወጣ ግን የሳቀ የለም።

«ጃፓን እኮ መኪናውን የሚሠራው እሱ ነው» አለች ሲሃም ቆይታ። «ያን ሁሉ ብረት አስተካክለው ሲያበቁ ሴት መምታት አልተዉም?»

«እዚያም ያው ነው ማለት ነው» አለች ከወዲያ ጥግ አንዷ።

ይህ ነገር ግማሾቹን አጽናናቸው፤ ግማሾቹን ተስፋ አስቆረጣቸው። አንዷ ማታ ታሪኩን ለባሏ ስትነግረው «እንዲህ ያለውን ነገር የሚያነብላችሁ ማነው?» ብሎ እንደተቆጣ በማግስቱ እየሳቀች አወራች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። እትዬ ከዲጃ ደግሞ ፋጡማን የምር ይዘዋታል። ከሰላት በኋላ እጃቸውን ዘርግተው ለዘመድ አዝማዱ ዱዓ ሲያደርጉ «ያችንም የሰው አገር ልጅ አላህ ከክፉ ባል ይጠብቃት» ይላሉ።

«እትዬ፣ እሷ እኮ የለችም፣ ተጽፋ ነው» አለቻቸው ሲሃም።

«ብትጻፍስ ዱዓ ይጎዳታል?» አሉ።

እትዬ ከዲጃ እንዲህ የሆኑበት ምክንያት አጠገባቸው ተቀምጣ ነበር። ሩቅያ የእኅታቸው ልጅ ናት፤ እናቷ ስትሞት በአራት ዓመቷ ተቀብለው ያሳደጓት። ጀውሃ ከተማ ላይ ጎማ ለሚጠግን ሀሩን ለሚባል ሰው ዳሯት። ሀሩን ሥራ ወዳድ ነው፣ ጨዋታ ያውቃል፤ በደጁ የሚቆሙ የከባድ መኪና ሾፌሮች ሁሉ ይወዱታል። ቤቱ ሲገባ ግን ሌላ ሰው ነው። ሩቅያ በተዳረች በሁለተኛ ዓመቷ ግራ ክንዷ ተሰብሮ፣ በአንድ እግሯ ብቻ ጫማ አድርጋ፣ አክስቷ በር ላይ ከባጃጅ ወረደች። ክንዷን ያየችላት ሰርክአዲስ ነበረች። «ይች ልጅ ብትመለስ ቀጥሎ የሚሰበረው ክንድ አይሆንም» ብላ ለጣይባ ነግራታለች። ብዙም ሳትቆይ ሰርክአዲስ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውራ ሄደች፤ መጽሐፏንም ለጣይባ ትታላት ነበር።

ሩቅያ በደህናው እጇ እየለቀመች ታዳምጣለች። ሌሎቹ ሲንጫጩ እሷ ዝም ነው። አንድ ቀን ብቻ ንባቡን አቋርጣ ጠየቀች።

«ያ ሰውዬ ፋጡማን ሲመታት፣ በእጁ ነው ወይስ በዕቃ?»

ጣይባ ገጹን አየችው። «አይልም» አለቻት።

«ይለያያል እኮ» አለች ሩቅያ፣ ወደ ሰፌዷ ተመልሳ።

መጽሐፏ ወደ ማለቂያዋ ስትቃረብ ከጀውሃ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ሀሩን ተጸጽቷል፣ ቁርኣን ይዞ ይምላል፣ ከእንግዲህ እጁን ቢያነሳባት እኛ አለን አሉ። እትዬ ከዲጃ ልባቸው ለሁለት ተከፈለ። ያን የተሰበረ ክንድ ያጠቡት እሳቸው ናቸው፤ ግን ደግሞ ልጅቱ ገና ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ባል እያላት አክስቷ ቤት መክረሟ ጎረቤቱን ማነጋገር ጀምሯል። «ሰው ይሳሳታል፣ ይሻለዋል» ማለት አበዙ። ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ከዐሥር ሰዓት በኋላ መልስ ሊሰሙ ቀጠሮ ይዘው ሄዱ።

ሐሙስ ዕለት ሲሃም ሩቅያን «እና ምን ልትያቸው ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

«እኔ እንጃ» አለች ሩቅያ። ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «ፋጡማ ምን እንደምትሆን ሳልሰማ መልስ አልሰጥም።»

ሁሉም ሳቁ። ጣይባም አብራ ሳቀች።

ዓርብ መጋዘኑ ዝግ ነው። ጣይባ ሰው ፊት ስታነብ ቃል እንዳያደናቅፋት ሁልጊዜ ቀድማ ታየዋለች። ከጁምዓ በኋላ ግቢው ውስጥ ካለው ኒም ዛፍ ሥር ተቀምጣ የመጨረሻዎቹን ገጾች አነበበች። ፉሚኮ ተመለሰች። እኅቷ ሻንጣዋን አዘጋጀችላት፣ የጣቢያው አዛዥ እስከ በሩ ሸኛት፣ ባሏ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሥቶ ተቀበላት። በአርባ ሁለተኛው ቀን ከጓሮ በረዶ ሥር ሞታ ተገኘች። ጸሐፊዋ መዝገቧን ይዛ ከአለቃ ወደ አለቃ ዞረች፤ የሰማት የለም። በመጨረሻው ገጽ ላይ በታዘዘችው መሠረት በገዛ እጇ «ድንገተኛ አደጋ» ብላ ትጽፋለች። በቃ፣ እዚያ ላይ ያልቃል።

ጣይባ አለቀሰች። ከዚያ በደራሲዋ ላይ ተናደደች። ምን አለበት አንዷን ብታተርፍልን አለች። እትዬ ከዲጃ ዱዓ ሲያደርጉ ታዩዋት። ነገ ይህን ስታነብ በመጋዘኑ የሚወርደው ዝምታ ተሰማት፤ ሩቅያ እዚያው ሰፌዷ ላይ ስትፈርስ ታየቻት። ሴቶቹ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጣሳቸውን የገለበጡላት ይህን ሊሰሙ ነው? ይጠሉኛል፣ ከእንግዲህ አንብቢልንም አይሉኝ ብላ ፈራች። ስለ ቅዳሜው መልስ አላሰበችም ማለት አይቻልም። አሰበችው፤ ግን ልጅቱ ቀልዷን ነው፣ ማን በመጽሐፍ ይተዳደራል ብላ ገፋችው።

ቅዳሜ መጋዘኑ ጸጥ አለ። ሐጂ ሷሊሕ እንኳ ወንበር አስመጥተው በሩ ላይ ተቀመጡ። ጣይባ እውነተኛውን ገጽ ገልጣ፣ ዓይኗን ከፊደሉ ሳትነቅል፣ ያልተጻፈውን ታነብ ጀመር። የፋጡማ ባል ወደ እኅትየዋ ቤት ሽማግሌ ላከ አለች።

«ጃፓን ሽማግሌ አለ እንዴ?» አለች ሲሃም።

«ይኸው፣ ተጽፏል» አለች ጣይባ፣ ገጹን በጣቷ እየመታች።

«ታንብብልን እንጂ!» ብለው ሌሎቹ ሲሃም ላይ ጮኹባት።

ከዚያ በኋላ ምላሷ ተፈታ። ባልየው በረዶው ላይ ተንበርክኮ አለቀሰ አለች። አባቱ ሲመታው እንዳደገ ተናዘዘ አለች። ፋጡማ አዘነችለት፤ ተመለሰች፤ ጸሐፊዋም ደስ ብሏት መዝገቧን ዘጋች። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። እትዬ ከዲጃ በሻርፓቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ «ሰማት፣ አላህ ሰማት!» አሉ። ጣይባ በሕይወቷ እንደዚያች ሰዓት የተወደደችበት ጊዜ አልነበረም።

ሩቅያ ብቻ እልል አላለችም። ወደ ጣይባ ጠጋ ብላ በዝግታ ጠየቀቻት።

«ከተመለሰች በኋላስ አልመታትም?»

«አልመታትም።»

«እስከ መጨረሻው?»

«እስከ መጨረሻው» አለች ጣይባ። «ልጅም ወለዱ።»

የዚያን ቀን እያንዳንዷ ሁለት ሁለት ጣሳ ገለበጠችላት።

ማታውን እንቅልፍ ስላጣች እሑድ በጠዋት እትዬ ከዲጃ ቤት ሄደች፤ ሩቅያን ለብቻዋ ጠርታ ልትነግራት። ስትደርስ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። መልሱ «እሺ» ሆኖ፣ ሀሩን ራሱ ሊወስዳት መጥቶ፣ በሽማግሌዎቹ መካከል አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ዓይኑ በልቅሶ ቀልቷል። ልቅሶው የውሸት አይመስልም ነበር፤ ምናልባትም አልነበረም። ሩቅያ እጇ ሂና ተቀብቶ፣ አዲስ አረንጓዴ ሻርፕ ተከናንባ ሰው ታስተናግዳለች። ለጣይባም ሳሕን ሰጠቻት። ጣይባ ሳሕኗን ይዛ ጥግ ተቀመጠች። እንዲህ አምሮ ሳለ እንዴት ብዬ ላፍርሰው አለች በሆዷ፤ ደግሞስ ማን ያውቃል፣ ይሻለው ይሆናል። የቀረበላትን በላች፣ መርቃ ወጣች።

በሰባተኛው ሳምንት ስልክ ተደወለ። ሀሩን ሩቅያን በጎማ ማውለቂያው ብረት መትቶ ገድሏት፣ እጁን ለፖሊስ ሰጥቶ ነበር። ምክንያቱን ሲጠይቁት ቁርስ አዘገየችብኝ አለ።

ለተዕዚያ የመጣው ሰው ግቢውን ሞልቶ መንገድ ላይ ተረፈ። እነዚያው ሦስት ሽማግሌዎችም መጥተው፣ «ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው» ብለው ተቀመጡ። እትዬ ከዲጃ እህል አፋቸው አልገባም። «ሂጂ ያልኳት እኔ ነኝ፤ በእጄ ነው ሂና የቀባኋት» ይላሉ ደጋግመው። ጣይባ በሦስተኛው ቀን መጽሐፏን ዘንቢሏ ውስጥ ይዛ ሄደች። ሁሉንም ልትናዘዝ፣ ቢያባርሯት ልትባረር፣ ቢረግሟት ልትረገም ቆርጣለች። አጠገባቸው እንደተቀመጠች እትዬ ከዲጃ እጇን ያዟት።

«አንድ ነገር ነው ያቆመኝ» አሏት። «ያቺ ፋጡማ። ተመልሳ ኖራለች አይደል? ሰው ተመልሶ ይኖራል ማለት ነው። መመለስ የሚገድል ቢሆን ኖሮ፣ ልጄን እያወቅኩ ገደልኳት ማለት ነበር። ግን እንደዚያ አይደለም። የሷ ቀደር ሆኖ ነው። አይደል፣ ጣይባ?»

ጣይባ ዘንቢሏን ወደ ጀርባዋ ገፋ አደረገች። «አዎ እትዬ» አለች።

ከዚያ ወዲህ ማንበብ ተወች። ጉሮሮዬን አመመኝ አለች፤ ማንም አላስገደዳት። ሴቶቹ ከልማድም ከፍቅርም የተነሣ ጣሳቸውን ሊገለብጡላት ሲመጡ የጆንያዋን አፍ በሁለት እጇ ጨምድዳ ትይዘዋለች። ሲመሽ ጆንያዋ እስከ ወገቡም አይደርስ። መልኳ ጠቆረ፤ አንዳንዴ ብቻዋን ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታያል። እነሱም ለሩቅያ ያዘነች መሰላቸው፤ እንዲያውም ከአክስቷ እኩል አዘነች እያሉ ያደንቋት ነበር። ጣይባ ያንን አድናቆት መስማት ከምንም በላይ ያማታል።

አራት ወር ካለፈ በኋላ ኑርሃን የምትባል አዲስ ለቃሚ መጣች። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በዚያ ሙቀት አንገቷን ጠምጥማ ትሸፍናለች፤ ሻርፑ ሸርተት ሲል በሁለቱም በኩል የጣት ምልክት ይታያል። ከባሏ ቤት ወጥታ የአጎቷ ልጅ ዘንድ ተጠግታ ነበር። እሷም አማላጅ እየመጣባት ነው፤ አንድ ጠዋት «ዛሬ ከሥራ ስወጣ ሊወስዱኝ በር ላይ ይጠብቁኛል» አለች። ምን እንደምትል አታውቅም።

«አይዞሽ» አሏት እትዬ ከዲጃ። «የኔዋ አልቀናትም፤ የሁሉም እንደሷ አይሆንም። አንዲት ፋጡማ የምትባል የጃፓን ሴት አለች፣ ተመልሳ ልጅ ወልዳ የኖረች። እስቲ ጣይባ፣ መጨረሻዋን ብቻ አንብቢላት። ልጅቱ ልቧ ይረፍ።»

ጣይባ ተነሣች። መጽሐፏ ከዘንቢሏ ተለይታ አታውቅም። ያንን ገጽ ገለጠችና ቆማ አነበበችው፤ እንደተጻፈው፣ አንድ ቃል ሳትጨምር። ሻንጣውን፣ የአዛዡን ሽኝት፣ ጎንበስ ብሎ የተቀበላትን ባል፣ አርባ ሁለተኛውን ቀን፣ በረዶውን፣ «ድንገተኛ አደጋ» የሚለውን ቃል። ስትጨርስ የሰፌድ ድምፅ አልነበረም።

«ይሄ አይደለም» አለች አንዷ።

«ምንድነው የምታነቢው? ፋጡማ መች ሞተች?»

«ያኔ ነው የዋሸሁት!» አለች ጣይባ። «አሁን ያነበብኩት ነው እውነቱ። ሞታለች። ያኔ ፈርቼ ነው፣ ሩቅያ እንዳትሰማው ብዬ ነው፤ እኔ ነኝ…» እዚህ ላይ ልቅሶ አቋረጣት።

«አዑዙ ቢላህ በይ፣ ጣይባ» አለቻት አንዷ፣ ወደ ሌሎቹም ዞራ፤ «ሐዘኑ እኮ ነው፤ ይህን ሁሉ ወር ውስጧን ሲበላት የከረመ። የሩቅያን ነው የምታነበው።»

ሁሉም ተንጫጩ። የእትዬ ከዲጃ ፊት ዐመድ መስሏል፤ እጃቸው ማሾው ውስጥ እንደተቀበረ ቀረ። ቀስ ብለው ወደ ሲሃም ዞሩ። ሲሃም ስምንተኛ ክፍል ጨርሳለች፤ ከጣይባ ሌላ በደንብ ማንበብ የምትችለው እሷ ብቻ ናት።

«ሲሃም» አሉ። «አንቺ እይው። ፋጡማ ሞታለች?»

ሲሃም ከጣይባ እጅ መጽሐፏን ተቀበለች። ጣቷን ከመስመር መስመር እያስኬደች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች። ጣይባ ጣቷን ትከተላለች፤ አርባ ሁለተኛው ቀን ላይ ሲደርስና ሲቆም አየችው። ሲሃም ቀና አለች። እትዬ ከዲጃ አፋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ። ያች በሁሉ ነገር የምታፌዝ ልጅ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«አልሞተችም፣ እትዬ» አለች። «ቤቷ ገብታለች። ልክ ያኔ እንዳነበበችው ነው።» መጽሐፏን ዘግታ ከጀርባዋ አደረገችው።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ እትዬ ከዲጃ።

ጣይባ ጮኸች። መጽሐፏን ለመንጠቅ ተንደረደረች፤ ያዟት። ኑርሃንን «ሲሃምን አትመኛት፣ እየዋሸች ነው፣ እኔም እንዲሁ ነው የዋሸሁት!» አለቻት። ሴቶቹ በፍቅር አቅፈው ወደ ቧንቧው ወሰዷት፤ ፊቷን አጠቧት፤ ራሷ ላይ ውኃ አፈሰሱባት፤ ቁርኣን ቀሩላት። እስከ ዐሥር ሰዓት ድረስ አጠገቧ ሰው አልጠፋም። በዚህ ሁሉ መካከል ኑርሃን ያን የአንገቷን ሻርፕ አስተካክላ ሥራዋን ጨረሰች።

ዐሥር ሰዓት ላይ በሩ ሲከፈት ባጃጅ ቆማለች፤ ሁለት ነጭ ጥምጣም ያደረጉ ሰዎች ከውስጥ ተቀምጠዋል። ጣይባ ከሴቶቹ እጅ አምልጣ ሮጠች። ኑርሃን ልትገባ አንድ እግሯን አንስታ ነበር፤ ስታያት ተመልሳ አቀፈቻት።

«አይዞሽ እትዬ ጣይባ» አለቻት በጆሮዋ። «አልተቀየምኩሽም። ሐዘን እንዲህ ያደርጋል። እኔ ልቤ አርፏል፤ አንቺም ይረፍልሽ።»

ገባች። ጣይባ የባጃጇን ብረት በሁለት እጇ ጨብጣ ያዘች። ሞተሩ ተነሣ፤ ከኋላ ጥሩንባ በዛ፤ ሾፌሩ «እናቴ፣ ልቀቂው፣ መንገድ ዘጋሁ» አላት። አልለቀቀችም። ሲሃም ከኋላ ደረሰች፤ እያለቀሰች፣ «ይቅር በይኝ፣ እትዬን አይተሻቸው የለ፣ ምን ልበላቸው?» እያለች፣ የጣይባን ጣቶች አንድ በአንድ ከብረቱ አላቀቀቻቸው።